ጽማዌና የካራቴ ጡጫ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤቴልና በአካባቢዋ ካራቴ ከሚማሩ ወጣቶች መካከል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም አሉ። ከወላጆች አንዳንዶቹ «ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው ይከለክላሉ፤ ልጆቹ «ስፖርት ብቻ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ጠጋ ብለው ያዩት አይመስለኝም።

ልምምዱ ሲጀመርና ሲያበቃ ሠልጣኞች ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ «ሞኩሶ» ይባላል። ከዚያም እጅ ይነሣሣሉ። ስለ እጅ መንሣቱ ብዙ ማለት አያሻም። አብርሃም ለኬጢ ልጆች ሰግዷል (ዘፍ. 23፥7)፤ የአክብሮትና የአምልኮ ስግደት ልዩነትም በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። በግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ሥዕል አጎንብስ የተባለ ልጅ ግን ምክንያቱን መጠየቅ አለበት፤ መልሱ ከአክብሮት ካለፈ ይተወው። የሚከብደው ጥያቄ ያለው ዝምታው ላይ ነው።

ዝምታው ለጡጫው ያስፈልጋል። የካራቴ ጡጫ ኃይሉ ከክንድ አይመነጭም፤ እግር መሬትን ሲገፋ ይጀምራል፣ በዳሌ መዞር ያድጋል፣ በመጨረሻ በእጅ ይወጣል። አንዱ እጅ ሲወረወር ሌላው ወደ ወገብ ይሰበሰባል። ጡንቻ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ልል ሆኖ ይቆይና ዒላማው ላይ ሲደርስ ብቻ ከትንፋሽ ጋር ይጠነክራል፤ ይህንን «ኪሜ» ይሉታል። የተቈጣ ወይም የፈራ ሰው ትከሻው አስቀድሞ ስለሚወጠር እጁ ይዘገያል። ስለዚህ አሠልጣኙ «አእምሮህን አረጋጋ» ሲል ምሥጢር እየነገረ አይደለም፤ የሰውነትን ሥርዓት እየነገረ ነው። እስከዚህ ድረስ ልጆቹ እውነት አላቸው።

ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ አያቆምም። የዜን መነኩሴው ታኩዋን (እ.ኤ.አ. 1573–1645) ለሰይፍ መምህሩ ለያግዩ ሙኔኖሪ በጻፈው ጽሑፍ ልቡና በባላጋራው ሰይፍ ላይም ሆነ በራሱ ላይ እንዳያርፍ አስተምሯል፤ ካረፈ ይያዛልና። «ሙሺን» የሚሉት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ የወሰደው ጊቺን ፉናኮሺም ቀድሞ ቻይናን ያመለክት የነበረው የ«ካራ» ፊደል «ባዶ» በሚል ትርጉም ባለው እንዲተካ አድርጓል። (በእኛ ቋንቋ ካራ ቢላዋ መሆኑ ያስቃል።) ባዶነቱ መሣሪያ ያልያዘ እጅ ማለት ብቻ አልነበረም፤ የዜን ቡድሂዝም አሳብም አለበት። እዚህ ላይ ደግሞ የወላጆች ሥጋት መሠረት አለው።

ሙሺን ደንዝዞ መቀመጥ እንዳልሆነ በፍትሕ ልንመሰክር ይገባል። ልዩነታችን ከጸጥታው በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የነገረን ቤት ተጠርጎና አጊጦ ነበር፤ ችግሩ ባለቤት አልነበረውም፤ ስለዚህም ሰባት ክፉዎች ገቡበት። አባቶቻችን የቅዱሳንን ዐሥሩን መዓርጋት በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ሲከፍሉ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ጽማዌን ነው። ጽማዌ አንደበትንና ሕዋሳትን ሰብስቦ ዝም ማለት ነው፤ ዝምታው ግን የሚጠብቀው አለው። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የሚተረጉሙ መምህራን እያሉን ስለ ልብ ጸጥታ ከሌላ ሃይማኖት የምንበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጡጫውን ግን መማር ይቻላል፤ ልጄ ቢሆን አልከለክለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን አየርን ከሚደበድብ ተጋጣሚ ለይቶ የሚጎስመው የገዛ ሥጋውን እንደሆነ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 9፥26-27) ቡጢን ምሳሌ ለማድረግ አላፈረም። ሰኔ 24 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ሙሴ ጸሊምም ከመመንኮሱ በፊት በጉልበቱ የተፈራ ሽፍታ ነበር። በገዳመ አስቄጥስ ሳለ አራት ወንበዴዎች በዓቱን ሰብረው ቢገቡ ሁሉንም አስሮ፣ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ማንንም መጉዳት ስለማይገባው ምን እንደሚያደርጋቸው ወንድሞችን ጠየቀ። ጉልበቱ አልጠፋም፤ ቍጣው ግን ጠፍቶ ነበር። ወንበዴዎቹም ማንነቱን ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኰሱ።

የእኔ ቅሬታ በካራቴ ቤቱ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሳምንት ውስጥ ዝም እንዲል የሚጠይቀው ቦታ የካራቴ አዳራሹ ብቻ ከሆነ ወደዚያ መሳቡ ምን ያስደንቃል? የእኛ ጉባኤ በድምፅ ማጉያ ይከፈታል፣ በከበሮና በጭብጨባ ይቀጥላል፣ በማስታወቂያ ይዘጋል። መዝሙሩን አልነቅፍም፤ እኔም እዘምራለሁ። ስለ ጽማዌ ግን በቃል እንኳ የሰሙ ልጆቻችን ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ካራቴ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ሞኩሶ» ሲባል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ፤ በልብ ስለሆነ የሚሰማችሁ የለም፣ ትንፋሻችሁንም አያውክም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሓላፊዎች ደግሞ ከእሑዱ መርሐ ግብር ላይ ዐሥር ደቂቃ ቀንሳችሁ፣ ማጉያውን አጥፍታችሁ፣ ልጆቹ በቤተ መቅደሱ ፊት ዝም ብለው እንዲቆሙ ፍቀዱላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።