ሁለት ምላስ ያለው መንግሥት

አንባቢ ሆይ፤ ከተማሪዎቼ አንዱ «በ1928 ዓ.ም. እንግሊዝ ያልረዳችን አቅም አጥታ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። የትምህርቱ ሰዓት አልቆ ነበርና መልሱን እዚህ ላቅርብ።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ ቆሞ፥ መንግሥቱ ወረራን ከመንግሥታት ማኅበር ጋር ሆኖ እንደሚቋቋም ተናገረ። ኅዳር 4 ቀን የእርሱ ወገን ይህንኑ ቃል ይዞ ምርጫ አሸነፈ። ወር ሳይሞላ ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሣዩ ላቫል ጋር ተቀምጦ፥ ከአገራችን ሰፊውን ክፍል ለሙሶሊኒ ሊቆርስ በምስጢር ተስማማ። ለእኛስ? ወደ ባሕር የምታደርስ ቀጭን መውጫ! የለንደኑ «ታይምስ» እንኳ የግመል መተላለፊያ ሲል አላገጠባት። ምስጢሩ በጋዜጣ ቢወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ።

ታዲያ ይህ አቅም ማጣት ነውን? የጦር መርከቦቿ በሜዲቴራኒያን ነበሩ። የስዌዝ ቦይ ግን አልተዘጋም፤ የኢጣልያ መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። በንግድ ቅጣቱም መዝገብ ነዳጅ ዘይት አልገባም፤ ታንክ በውኃ ይነዳ ይመስል! እኔ እንደሚመስለኝ የጎደላት ጉልበት ሳይሆን ቃል ነው።

ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ቅጣቱ ተነሣ። ያን ያህል የተለማመጡት ሙሶሊኒም በተከታዩ ጥቅምት ከሂትለር ጋር ተዋዋለ።