ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቆቦ ሙቀትና ያለ ጊዜው የሚጣለው ኮምፒዩተር

ቆቦ ላይ ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ ፍርዱ ፈጥኖ ይሰጣል፤ "ቫይረስ ገብቶበት ነው" ይባላል። ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ቀድሞ ያልተቀዳ ፋይል ካለም አብሮ ይጠፋል። በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ያው መንቀራፈፍ ይመለሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ "አርጅቷል" የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ የማሽኑ ቦታ መጋዘን ነው። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፦ ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ሞቋል?

ብዙ ሰው ሳጥኑን በሙሉ "ሲፒዩ" ይለዋል። ትክክለኛው ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር ግን ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ቁራጭ ነው። ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል። ሙቀቱን የሚወስድለት ከላዩ የተጫነው ባለ ክንፍ ብረት፣ ማለትም ሂትሲንኩ፣ ከፋኑ ጋር ነው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ ተርማል ፔስት የሚባል ቅባት አለ። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። "ቫይረስ" የተባለው መንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ይኸው ራስን የማዳን ሙከራ ነው።

የቆቦ አየር ይህን ያከብደዋል። ከተማዋ ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በራያ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ፋን አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ፕሮሰሰር ሥራ ላይ ሳለ ከክፍሉ አየር በ55 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ 20 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል 75 ላይ ይቆማል፤ 36 ዲግሪ በሆነ የቆቦ ክፍል ግን 91 ይደርሳል። የራያ አቧራ ክንፎቹን ሲደፍናቸው የቀረችው 9 ዲግሪም ታልቃለች። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ተሸፍኖ የሚኖር ጉድለት ቆቦ ላይ በአንድ የሙቀት ወቅት ይጋለጣል።

ቤት ውስጥ በሚገጣጠም ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ችግሩ ይበረታል። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ፓወር ሰፕላዩ ከየቦታው ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው። በአሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ቅባቱ ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአዲሱ ሂትሲንክ ሥር የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ሳይነሣ ይገጠማል። ከኢንቴል ማቀዝቀዣ አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ሳይቆለፍ ይቀርና ብረቱ በአንድ በኩል ያዘነብላል። በዚህ ላይ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ሳጥኑ በዳንቴል ይሸፈናል፤ አየርም አብሮ ይከለከላል።

መፍትሔው ግን ከችግሩ ያነሰ ነው። መጀመሪያ መለየት። ማሽኑ እንደበራ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሙቀቱ ይነበባል። ሌላም ቀላል ምልክት አለ፦ በአንድ ክፍል ካሉት ኮምፒዩተሮች ያ ብቻ እኩለ ቀን ላይ እየጠፋ ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመብራት የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሳጥኑ ይከፈታል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ አቧራው በብሎወር ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ሂትሲንኩ ይነሣል፣ የደረቀው ቅባት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ አዲስ ቅባት መሀሉ ላይ ይደረጋል፣ ብረቱም አራቱም ማዕዘን እኩል ጠብቆ ይመለሳል። አንዳንዶች የሚሞክሩት የጥርስ ሳሙና በቶሎ ስለሚደርቅ መድኃኒት አይሆንም። የሳጥኑን ጎን ከፍቶ መተውም ለጊዜው ያቀዘቅዛል፤ ዞሮ ዞሮ ግን አቧራን መጋበዝ ነው። ይልቅ ሳጥኑን ከመሬት አንሥቶ፣ ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አይሠራም?

አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። የንብረት መለያ ቁጥር የተለጠፈበትን ሳጥን የከፈተ ሠራተኛ አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂ ይሆናል፤ ሳይነካው ቢሞት ግን የሚጠይቀው የለም። ሌላው በጀቱ ነው። ግዢ ርክክብ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ሪፖርት ላይ በቁጥር ይገባል። ከመጋዘን የዳነ ኮምፒዩተር ግን በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? ሥርዓቱ መግዛትን እንደ ሥራ፣ መጠገንን እንደ ጣጣ የሚቆጥር ከሆነ ውጤቱ ሌላ ሊሆን አይችልም።

የዚህ ልማድ ዋጋ ደግሞ ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ኮምፒዩተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በአንዲት ቱቦ ቅባት የሚድን ማሽን ተጥሎ በምትኩ አዲስ ሲገዛ፣ የባከነው የወረዳው ብር ብቻ ሳይሆን የሀገር ዶላርም ነው። ቆቦና አካባቢዋ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ተደጋግመው የውጊያ ቀጣና ሆነዋል፤ በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ንብረታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ወይም በስንት ደጅ ጥናት የተተካን ዕቃ አቧራ ሲገድለው ዝም ብሎ ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ በላይ የተማሪው ጉዳይ አለ። በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ በ2017ም ቀጥሏል። የፈተናው ወቅት ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ቆላው በሚሞቅበት ጊዜ ነው። በራያ ቆላ ያለ ተማሪ ልምምዱን የሚያደርግበት ማሽን በየሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ደጋ ላይ ካለው እኩያው ጋር እኩል ተዘጋጅቷል ማለት ይቻላል? "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" በሚል ስም የወጣው ስትራቴጂም ሆነ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጨረሻ ላይ የሚያርፉት ጠረጴዛ ላይ ባለ ማሽን ነው።

"መብራት በሚቆራረጥበት አገር ስለ ፋን ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የማይንቀራፈፍ ማሽን ይበልጥ ያስፈልጋል። "ያልሠለጠነ ሰው ከከፈተው ይሰብረዋል" የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው። የደረቀ ቅባት የኤኤምዲ ፕሮሰሰርን ከሂትሲንኩ ጋር አጣብቆ ሊነቅለው፣ እግሮቹንም ሊያጣምም ይችላል፤ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ካጠፉ በኋላ፣ ቅባቱ ሞቅ እንዳለ ብረቱን በቀስታ ግራና ቀኝ አዙሮ ማንሣት ይገባል። ይህ ግን የሚያሳየው ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ነው። ሥልጠናው ደግሞ አለ፦ "ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ" በቴክኒክና ሙያ የሚሰጥ የሙያ ዘርፍ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች ከኮምፒዩተር ግዢ ጋር ለብሎወር፣ ለቅባትና ለመለዋወጫ ፋን ትንሽ መስመር ይያዙ። ትምህርት ቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ሙቀቱ ሳይከር በሚያዝያ፣ የጽዳት ቀን ይቁረጡ፤ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም በአሠልጣኝ እየታዩ እዚያው ይለማመዱ። የንብረት ክፍሎችም ማንኛውም ኮምፒዩተር "አይሠራም" ተብሎ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ተከፍቶ መጽዳቱንና ቅባቱ መቀየሩን የሚያረጋግጥ ፊርማ ይጠይቁ። ይህች የመጨረሻዋ ምንም በጀት አትፈልግም፤ አንድ መስመር ያለው ቅጽ ይበቃታል።

አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ነገር በትንሹ ሳለ በትንሽ ነገር እንዲገታ ነው። የቆቦን ፀሐይ ማንም አይቀንሳትም። የሚቀጥለው ግንቦት ሳይገባ ሳጥኖቹን መክፈት ግን ይቻላል።