«አትንካው» የተባለው ኰምፒዩተር

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ ካሰብሁ በኋላ፥ ስለ አንድ አሮጌ ኰምፒዩተርና ስለ አንድ ጥፋቴ ለመጻፍ ወሰንሁ። ጥፋቱን አስቀድሜ የምናገረው፥ በኋላ የማቀርበውን አሳብ የሚቃወም ሰው እርሱኑ አንሥቶ እንዳይረታኝ ነው።

አባቴ የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ያገለገለ ኰምፒዩተር ገዝተው፥ የ84 አባላትን ስምና መዋጮ በርሱ ላይ ይመዘግቡ ነበር። ማሽኑ ባለ 32 ቢት ሲሆን ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ እርሱ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተቈልቶ ይደርሳል። በላዩ የነበረው ዊንዶውስ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ያልተገዛና ከሰው የተቀዳ ነበር፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስም አላጣውም። አባቴ ስለዚህ ማሽን የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ቃል ብቻ ነበረች፤ «አትንካው!»

እኔ ግን ነካሁት። ባለፈው ክረምት ዴቢያን 12 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ አምጥቼ ስጭን፥ ዲስኩን በሙሉ ይጠቀም እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ጠየቀኝ። እኔም የጥያቄው ትርጕም ሳይገባኝ «አዎን» አልሁ። የእድሩ የሦስት ዓመት መዝገብ በዚያች «አዎን» ጠፋ። አባቴ ሁለት ቀን አላነጋገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ማታ የደረሰኝ ቅጂ የታጨቀበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር ስበው አወጡና «በል ልጄ፥ ተቀመጥ» አሉኝ። እርሳቸው እያነበቡ፥ እኔ እየጻፍሁ፥ በ19 ሌሊት መዝገቡን እንደ ገና ሠራነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ጥፋት ያደረሰ ልጅ «ተማሪ ኰምፒዩተርን ይንካ» ብሎ ሲከራከር ቢያስቅ አይደንቅም። ዳሩ ግን አሳቤ ይኸው ነው። መንካት ስልም ቍልፍ መጫንን ማለቴ አይደለም፤ እርሱንማ ሁላችንም እንችላለን። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓትና የፕሮግራሞቹን ጽሑፍ መመልከትን፥ ሲቻልም ማረምን ማለቴ ነው።

ይህ አሳብ ከራሴ የፈለቀ አይደለም፤ ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1969 ኬን ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ፥ በቤል ላቦራቶሪ ውስጥ እምብዛም ሰው በማይጠቀምበት ፒዲፒ-7 በሚባል ትንሽ ማሽን ላይ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ጓደኛው ዴኒስ ሪቺ ደግሞ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ፤ በ1973ም ዩኒክስ በዚሁ ቋንቋ እንደ ገና ተጻፈ። የዚህ ጥቅሙ ትልቅ ነው። እስከዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚጻፈው በአብዛኛው በየማሽኑ የተለየ ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ማሽኑ ሲያረጅ ሥርዓቱም አብሮት ይሞት ነበር። በሲ የተጻፈው ግን ከማሽን ወደ ማሽን ሊዛወር ቻለ። በ1977 በአውስትራልያ፥ በዎሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ፥ ሪቻርድ ሚለር ዩኒክስን ኢንተርዳታ ወደሚባል ፍጹም ልዩ ወደ ሆነ ማሽን አዛወረው። ይህን ዓይነቱን ሥራ ባለሙያዎቹ ፖርቲንግ ይሉታል።

ወደ እኛ ዕድሜ የሚቀርበው ታሪክ ደግሞ የሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በ1991 የ21 ዓመት ወጣትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በቤቱ ባለችው ባለ 386 ፕሮሰሰር ኰምፒዩተር ላይ ዩኒክስን የሚመስል ሥርዓት ጻፈ። በዚያን ጊዜ ሥራው ለመዝናኛ ብቻ እንደ ሆነና ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ይዛወራል ብሎ እንደማያስብ ጽፎ ነበር። ዛሬ ግን በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮም በዓለም ላይ ኀይለኛ ናቸው ተብለው የተመዘገቡት 500 ኰምፒዩተሮች በሙሉ በዚሁ ይሠራሉ። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጀመረው በመኝታ ቤት ነው። እርሱንም «አትንካው» ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ወደ እድራችን ልመለስ። መዝገቡን እንደ ገና ስንሠራ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በሲ የተጻፈች ትንሽ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ከነጽሑፏ በፍላሽ አመጣልኝ። የተጻፈችው በውጭ አገር፥ ለፈረንጅ ስምና ለፈረንጅ ወር ነው። በአሮጌው ማሽን ላይ ያለ ችግር ተነሣች፤ እኛም ደስ አለን። የአባላቱን ስም አስገብተን ዝርዝሩን ስናወጣ ግን ሰንጠረዡ ሁሉ ተንጋደደ። ከሁሉም የባሰው፥ በሠፈራችን የተከበሩት ሽማግሌ የአቶ ወልደ ገብርኤል ስም «ወልደ ገብር» ተብሎ፥ ከኋላውም ጥቁር የጥያቄ ምልክት ተለጥፎበት ወጣ። አባቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ይዤ ስብሰባ ልግባ?» አሉኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ፕሮግራሟ ለስም የመደበችው ቦታ 20 ባይት ነበር። የእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ 20 ፊደል ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። «ወልደ» 9፥ ባዶው ቦታ 1፥ «ገብር» 9፤ ድምሩ 19 ነው። የቀረችው አንዲት ባይት የ«ኤ» ሲሶ ብቻ ናት፤ ሲሶ ፊደል ደግሞ ማንም ሊያነበው አይችልም! ስለዚህ ፕሮግራሟ ባይት መቍጠሯን ትታ ፊደል እንድትቈጥር አድርጌ ጻፍኋት። እንዲህም ሆኖ አልሠራ ብላ ሁለት ቀን አሠቃየችኝ፤ የጐደለው በመጀመሪያዋ ገጽ ላይ ስለ ቋንቋው የምታስታውቅ አንዲት መስመር ነበረች። ያን ማታ የአቶ ወልደ ገብርኤል ስም ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ከደስታዬ ብዛት እናቴን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኋቸው።

ስለዚሁ ነገር ሳነብ ያገኘሁት ደግሞ አስደነቀኝ። ዩቲኤፍ-8ን በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ያወጣው ያው ዩኒክስን የጀመረው ኬን ቶምፕሰን ነው። ፊደላችንም በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቦታውስ ተሰጥቶናል። ነገር ግን በየፕሮግራሙ ውስጥ ባይት የሚቈጥሩትን መስመሮች እየፈለገ የሚያርመው ማን ነው? አሜሪካዊው አቶ ወልደ ገብርኤልን አያውቃቸውም።

ጳጕሜንም ሌላ ጣጣ ነበረች። በጳጕሜን 3 የተከፈለ መዋጮ ሲገባ ፕሮግራሟ 13ኛ ወር የለም ብላ መለሰችው፤ እርሱንም አረምሁ። ደግሞ እኔና ጓደኛዬ ለጨዋታ ያህል 60 ዓመት የምንሞላበትን ቀን በሴኮንድ የምታሰላ ፕሮግራም ጻፍን። በእርሱ ባለ 64 ቢት ማሽን 2068 ስትል፥ በእኛው ላይ 1932 አለች፤ አያቴ እንኳ የተወለዱት ከዚያ በኋላ፥ በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ባለ 32 ቢቱ ቍጥር ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ ስለማይችል ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ ያ ያህል ሴኮንድ የሚሞላው በጥር 19 ቀን 2038 ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ቢት ሁለት ጊዜ ተምሬአለሁ፤ ቢት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ግን ከአያቴ ልደት በፊት ጡረታ በወጣሁበት ቀን ነው።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን ስነግራቸው «መሥሪያ ቤት የሚጠይቅህ የተዘጋጀውን ፕሮግራም በፍጥነት መጠቀም ነው፤ ጊዜህን አታባክን» አሉኝ። ቃላቸው እውነትነት አለው፤ በዚያ ክረምት የፊዚክስ ጥናቴ ወደ ኋላ መቅረቱን አልክድም። ነገር ግን የተዘጋጀው ፕሮግራም በየሦስት ዓመቱ መልኩን ይለውጣል፤ ቍልፉን ብቻ የተማረም ሰው በየጊዜው ከሀ ይጀምራል። ሌሎች ጓደኞቼ ደግሞ «በነፃ የሚገኝ ነገር ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ። የሊኑክስ ነፃነት ግን ገንዘብ አለመጠየቁ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉን ማንበብና መለወጥም የተፈቀደ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ቃል «ነፃ» ስለሚል ይመስለኛል ነገሩ የሚምታታው።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእንደዚህ ያሉ ባለ 32 ቢት ማሽኖች መጫኛ አላዘጋጀም። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ በአገራቸው እንዲህ ያለውን ማሽን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። በእኛ ቤት ግን እንጀራ የሚያበላ ማሽን ነው። እንደ ኔትቢኤስዲ ያሉ እስከ ዛሬ የሚደግፉት አሉ፤ ዳሩ ግን እነርሱም የተዉት ቀን እንዴት እንደሚዛወር የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ከሌለ፥ የአባቴ ኰምፒዩተር ከዚያ ቀን ጀምሮ የብረት ሣጥን ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችንን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አቧራ ከለበሱት አሮጌ ኰምፒዩተሮች ሦስቱ ለክበባችን ይሰጡን፤ ብናበላሻቸውም የሚጎዳ ሰው የለም። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ የምንሠራበት ኮምፓይለርና የፕሮግራሞች ጽሑፍ በአንድ ሃርድ ዲስክ ተቀድቶ ይቀመጥልን። ወላጆችንም የምለምነው፥ «አትንካ» ከማለት «አስቀድመህ ቅዳ» ማለትን ነው። እኔን ያን ቀን «መዝገቡን ሌላ ቦታ ቀድተሃል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር፥ 19 ሌሊት ባልተቀመጥን ነበር።

በጥር ወር በተደረገው የእድሩ ስብሰባ ላይ ዝርዝሩ ታትሞ ታደለ። አቶ ወልደ ገብርኤል ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ምንም ሳይሉ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አባቴ አሁን ማሽኑን እንድነካው ፈቅደውልኛል፤ ይሁን እንጂ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን በወረቀትም ይጽፉታል። እኔም አልከራከራቸውም።