የስፖርት መኪና ዋጋ የሚጸናው በፍጥነት ነው ወይስ በአመኔታ?

አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣበት ዕለት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ይህ ለአብዛኛው ተሽከርካሪ የሚሠራ ደንብ ነው። የስፖርት መኪኖች ግን ደንቡን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይጥሱታል። አንዳንዶቹ ከተራው የቤት አውቶሞቢል ፈጥነው ይረክሳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከተገዙበት በላይ ያወጣሉ። ልዩነቱን ለመግለጽ የገበያ ተንታኞች የሚጠቀሙበት የተለመደ መለኪያ ከአምስት ዓመት በኋላ ከመነሻ ዋጋው ስንት በመቶው እንደተረፈ ማስላት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ የዳግም ሽያጭ ዋጋን የሚወስነው ከመኪናው ብቃት ይልቅ ገዥው በመኪናው ታሪክና በአምራቹ ላይ ያለው አመኔታ ነው፤ ሁለተኛ፣ የተለመደው መለኪያ ይህን እውነት ይሸፍናል።

ብቃት ብቻውን ዋጋን አይጠብቅም

በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ቢኤምደብሊው አይ8 በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 136,000 ዶላር ገደማ ነበር። የተሳፋሪ ክፍሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ነዳጅንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ፣ በዘመኑ እጅግ የረቀቀ መኪና ነው። ይሁን እንጂ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያገለገሉት ከመነሻ ዋጋው ግማሽ በታች ይሸጡ ጀመር። በአንጻሩ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በ1989 ተዋውቆ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው የተመረተ፣ ጉልበቱ አነስተኛ፣ ብርቅነትም የሌለው መኪና ነው። ቢሆንም በዝቅተኛ የእርጅና ቅናሽ ከሚታወቁት የስፖርት መኪኖች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ባለቤት የሚገዛው የመኪናውን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚመጣበትን የጥገና ወጪም አብሮ ይገዛል። የኤምኤክስ-5ን ወጪ ማንኛውም መካኒክ ሊገምተው ይችላል። የአይ8ን ባትሪና የካርቦን አካል ወጪ ግን ገዥው ስለማያውቀው ስጋቱን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ያልታወቀው ጉድለት

ጆርጅ አኬርሎፍ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርገው የመረጃ አለመመጣጠንን አስረድተዋል። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዥው ማወቅ ካልቻለ፣ ገዥው ለደህናውም ለብልሹውም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል። ለዚህ ሐሳብ ከፖርሽ 911 የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው 996 የተባለው ትውልድ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር የተገጠመለት የመጀመሪያው 911 ነው። በመደበኛዎቹ ሞዴሎች ሞተር ውስጥ ያለ አንድ ኩሽኔታ በአንዳንዶቹ ላይ ሲሰበር ሞተሩን እንዳለ ያበላሻል። ችግሩ የደረሰው በከፊሎቹ ላይ ብቻ ቢሆንም የትኛው መኪና እንደሚሰበር ከውጭ አይታይምና የሁሉም ዋጋ ተጎዳ። በዚያው ትውልድ የተሠሩት ጂቲ3 እና ተርቦ ግን ይህ ችግር የሌለበት ሌላ ሞተር ስላላቸው ዋጋቸውን በተሻለ ሁኔታ ጠብቀዋል። ስማቸው አንድ፣ ዘመናቸው አንድ ሆኖ ሳለ የተለያዩት በጥርጣሬ መጠን ነው። በእርግጥ ጂቲ3 እና ተርቦ በቁጥርም ያነሱ ናቸው፤ ነገር ግን ገዥዎች ሞተሩን በስም ለይተው መጠየቃቸው ብርቅነት ብቻውን በቂ ማብራሪያ እንዳልሆነ ያሳያል። የተሟላ የጥገና መዝገብ ያለው መኪና ከሌለው በላይ የሚያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብርቅነት ቃል ኪዳን ነው

ብርቅነትም ቢሆን በአመኔታ ላይ የቆመ ነው። ፖርሽ በ2016 ማንዋል ማርሽ ያለውን 911 አር በ991 መኪኖች ብቻ ወስኖ ሲያወጣ፣ በወቅቱ የነበረው ጂቲ3 የሚሸጠው በአውቶማቲክ ማርሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ የአር ዋጋ በአጭር ጊዜ ከመነሻው በእጥፍና ከዚያ በላይ ናረ። በ2017 ግን አምራቹ ተመሳሳይ 500 የፈረስ ጉልበት ያለውን ጂቲ3 በማንዋል ማርሽ አቀረበ፤ የአርም ዋጋ ወረደ። የአር ቁጥር አንድም አልጨመረም። የተለወጠው «ይህን የመሰለ ሌላ አይመጣም» የሚለው እምነት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ብርቅነትን የሚፈጥረው ሕግ ነው። በአሜሪካ የአገሪቱን የደኅንነት ደረጃ ሳያሟላ የተሠራ መኪና ያለ ገደብ ሊገባ የሚችለው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። በ1999 መመረት የጀመረው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር34 በጃፓን ያገለገለ መኪና ሆኖ ሳለ፣ የአሜሪካ በር የሚከፈትበት ቀን ሲቃረብ ተፈላጊነቱ ጨምሮ ነበር።

መለኪያው የሚሸፍነው

ከዚህ በመነሣት የተለመደው የመቶኛ ስሌት ሦስት ነገሮችን ይሰውራል። የመጀመሪያው የገንዘብ ዋጋ መውረድ ነው። በ2004 በ440,000 ዶላር ገደማ የተሸጠው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ዛሬ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ይሁን እንጂ የ2004ቱ ገንዘብ በ2024 የመግዛት አቅም ሲሰላ ወደ 730,000 ዶላር ይጠጋል፤ ከቀሪው ትርፍ ላይ ደግሞ የሃያ ዓመት የመድን፣ የማቆሚያና የጥገና ወጪ መቀነስ አለበት። ሁለተኛው ያለመጠቀም ዋጋ ነው። በጨረታ ክብረ ወሰን የሚሰብሩት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተነዱት ናቸው፤ ዋጋቸው የተጠበቀው መኪና መሆናቸው ቀርቶ ነው። ሦስተኛው የተመረጠው ጊዜ ነው። ፌራሪ ኤፍ40 በ1980ዎቹ መጨረሻ ከመነሻ ዋጋው በብዙ ልቆ ሲሸጥ ቆይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክፉኛ ወደቀ፤ ዛሬ ደግሞ እንደገና ከፍ ብሏል። በ1990 የገዛና በ1995 የገዛ ሰው ስለዚያው መኪና የሚሰጡት ምስክርነት ፈጽሞ አይገጥምም።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ የባለጠጎች መዝናኛ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቀድሞ የገባች አሮጌ ቶዮታ ከምታወጣው ዋጋ ውስጥ የመኪናዋ ጥንካሬ ስንቱ፣ የተዘጋው በር ስንቱ እንደሆነ መለየት የተመራማሪ ሥራ ነው። በር የዘጋ መመሪያ በሌላ መመሪያ ሊከፈት ስለሚችል፣ ሁለቱን ያልለየ ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያስቀምጠው በብረት ላይ ሳይሆን በመመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የዳግም ሽያጭ ዋጋን የሚያጠና ሰው ከዕድሜና ከተጓዘው ኪሎ ሜትር ጋር የጥገና መዝገብን፣ የአምራቹን ቀጣይ ሞዴሎችና የሕግ ለውጦችን በተለዋዋጭነት ሊያካትት፣ ዋጋውንም በዋጋ ንረት አስተካክሎ ሊያቀርብ ይገባል። ይህ ሳይደረግ የሚወጣ የደረጃ ሰንጠረዥ ያለፈውን ገበያ ስሜት ይመዘግብ እንደሆን እንጂ የመኪናውን ዋጋ አይለካም።