ኤልያስን ውኃ ያጠጣው ጌታ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ኅዳር ላይ በአዲስ አበባ ለሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ይዘጋጅ የነበረ አንድ የአጥቢያችን ወጣት ደወለልኝ። የጾም ጸሎት ሳምንት ላይ ነበርን። «ፓስተር፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመስኩም። ማታ ልምምድ አለኝ፤ ልቅር ወይስ ልሂድ?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «ሂድ ልጄ፣ ጌታ ያበረታሃል» አልኩት።

በዚያው ምሽት ጓደኞቹ ከመንገድ ዳር አንሥተው ወደ ሕክምና ወሰዱት። ጌታ ይመስገን፣ ተርፏል። ግሉኮስ ተሰክቶለት ሳየው ግን ልቤ ተወጋ። የጣለው የእምነቱ ማነስ ሳይሆን የእኔ ምክር ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ ይህ ነው፦ ውኃ ሳንቀምስ የምንጾምበት ቀን የሩጫ ልምምድ ቀን አይደለም፤ የምንሮጥበት ቀን ደግሞ የምንጠጣበት ቀን ነው።

አንዳንዶቻችን ጥማትን መቻል የመንፈሳዊነት መለኪያ አድርገነዋል። ቃሉ ግን ሌላ ያሳየናል። ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከክትክታው ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ምክንያቱንም ነገረው፤ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበር (1ኛ ነገሥት 19፥4-8)። አርባ ቀን የሄደው ከበላና ከጠጣ በኋላ ነው። ሶምሶንም ከድሉ ማግስት በውኃ ጥም ሊሞት ሲል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ እግዚአብሔርም ውኃ አፈለቀለት (መሳፍንት 15፥18-19)። ጌታችን ራሱ መንገድ ሲያደክመው በጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ከሳምራዊቷ ሴት የሚጠጣ ለመነ (ዮሐንስ 4፥6-7)። እርሱ መጠማቱን ካልደበቀ፣ እኛ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሰውነታችንን አሠራርም እናስተውል። ስንሮጥ ጡንቻችን ሙቀት ያመነጫል፤ ሰውነታችን ያንን ሙቀት የሚያስወጣው በላብ ነው። ላቡ ካልተተካ የደማችን መጠን ይቀንሳል፤ ልብ በፍጥነት ለመምታት ይገደዳል፤ ሙቀታችንም ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ላቡ ቶሎ ስለሚተን፣ ሯጩ ያላላበው ይመስለዋል።

ነገር ግን «ብዙ በጠጣሁ ቁጥር ይሻላል» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶ ያህሉ በደማቸው ውስጥ ያለው የሶዲየም መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ ዋና ምክንያት ሆኖ የታየው ከሚያስፈልጋቸው በላይ መጠጣታቸው ነው። ይህ ችግር ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ራስን መግዛት የሚባለው የመንፈስ ፍሬ በውኃ መጠጣትም ላይ ይሠራል።

ስለዚህ ለምትሮጡ ልጆቼ፦ ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ በግምት አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ከምግብ ጋር ቀስ እያላችሁ ተኩት። ክብደታችሁ ከጨመረ ደግሞ አብዝታችሁ ጠጥታችኋል። ሽንታችሁ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃ አንሷችኋል። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ረጅም ርቀት ስትሮጡ ጨው ያለበት ነገርም አትርሱ። የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር።

«ታዲያ ጾም ይቅር ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! እኔም እጾማለሁ። የምለው ጾሙን በዕረፍት ቀናችሁ አድርጉት፣ ወይም ልምምዱን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩት ነው። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19)፤ በአደራ የተሰጠንን እንደ ራሳችን ንብረት አንጣለው።

ለእናንተ አብረውኝ ለምታገለግሉ መጋቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ «ጌታ ያበረታሃል» ከማለታችሁ በፊት «ውኃ ጠጥተሃል ወይ?» በሉት። ጌታ ኤልያስን ያበረታው በማሰሮ ውኃ ጭምር ነውና።

ጌታ ይባርካችሁ።