ለግድቡ ቦንድ ገዝተን በኤሌክትሪሺያን ልጃችን እናፍራለን?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከደሞዛችን ቀንሰን ቦንድ የገዛንም ጥቂት አይደለንም። ታዲያ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጃችን መጥቶ «የኤሌክትሪክ ሥራ መማር እፈልጋለሁ» ቢለን ስንቶቻችን እንደሰታለን? «እዚህ ድረስ የተንከራተትነው ለዚህ ነው?» የምንል ይበዛል። ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ካልሆነ ልጁ የወደቀ ይመስለናል።

ይህን ንቀት ያመጣነው ከአገር ቤት ነው። ለረጅም ዓመታት የአስረኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃለት ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። ስለዚህ «ሙያ» የሚለው ቃል በጆሯችን «ነጥብ አልመጣለትም» ሆኖ ቀረ። (መብራት ሲጠፋብን የምንለማመጠው ግን ያንኑ ሰው ነው።)

አሁን ያለንበትን ቦታ እንይ። ሎንግ ቢች ከተማዋ ራሷ በኃይል ሥራ ያደገች ናት። አጠገቧ ሲግናል ሂል ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 ነዳጅ ተገኘ። ባሕሩ ዳር ስትቆሙ ዘንባባ የተተከለባቸው፣ ሕንጻቸው ሆቴል የሚመስል ደሴቶች ታያላችሁ አይደል? በ1960ዎቹ በሰው እጅ የተሠሩ የነዳጅ መቆፈሪያዎች ናቸው። ይህ ሥራ ግን እየጠበበ ነው። በዊልሚንግተንና በካርሰን ያለው የፊሊፕስ 66 ማጣሪያ በ2025 መጨረሻ ሥራ እንደሚያቆም በ2024 ተነግሯል። በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ በ2045 ኤሌክትሪኳን ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነፃ ለማድረግ በ2018 ሕግ አውጥታለች። የሎንግ ቢች ወደብም በባሕር ላይ ለሚንሳፈፉ የንፋስ ተርባይኖች መገጣጠሚያ የሚሆን 400 ኤከር ያህል ቦታ ለማዘጋጀት አቅዷል።

በዚህ የወደብ ዕቅድ ላይ ብቻ ተማምኖ ልጅን መምራት ግን አይገባም። ዋሽንግተን ውስጥ አስተዳደር ሲቀየር የባሕር ንፋስ ፕሮጀክት እንዴት እንደሚቆም በ2025 አይተናል። የማይቆመው ኤሌክትሪኩ ነው። ሶላሩም፣ የመኪና ቻርጀሩም፣ ወደቡ ላይ የቆመው መርከብም ሽቦ የሚዘረጋለት ሰው ይፈልጋል።

መግቢያው ደግሞ ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር፣ አይ ቢ ኢ ደብሊው የሚሉት፣ ከአሠሪዎች ጋር ሆኖ የሚሰጠው አፕረንቲስሺፕ ለሕንጻ ኤሌክትሪሺያን አምስት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ቀን እየሠራ ደሞዝ ይከፈለዋል፤ ትምህርቱን ጎን ለጎን ይከታተላል። አራት ዓመት ተምሮ ዕዳ ተሸክሞ ከመውጣት ጋር እስቲ አነጻጽሩት። ከመስፈርቶቹ አንዱ የአንድ ዓመት አልጀብራ ማለፍ ነው። የመስመር ዝርጋታ ለሚፈልግ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ትሬድ ቴክ ኮሌጅ አለ። ሴት ልጆቻችንንም ከዚህ ውጭ አናድርጋቸው።

እንግዲህ አልጀብራው ላይ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ የተበላሸበት ልጅ ኢንጂነርነቱም፣ ኤሌክትሪሺያንነቱም አብረው ይርቁታል። እኛ ግን በዘጠነኛ ክፍል ዝም ብለን በአስራ ሁለተኛ ክፍል እንጮሃለን። በየኃይል ድርጅቱ የምትሠሩ ወገኖች፣ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ በሚማሩበት አዳራሽ አንድ ሰዓት ሒሳብ ብታስጠኑ ከብዙ የስብሰባ ንግግር ይበልጣል። ስትመጡ ኢንጂነሩ ብቻውን አይምጣ፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣውንም ይዞት ይምጣ።

ወላጆችም የትምህርት ቤቱን አማካሪ «የሙያ ትምህርት መስመር አላችሁ ወይ? ልጄ ሃይስኩል ሳለ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ከመዘጋቱ ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ሰኔን አትጠብቁ።