ስለ መብረቅና ስለ ነጎድጓድ

በበልግና በክረምት ወራት በራቤልና በአካባቢው ደጋ ብዙ ቀን ጧት ፀሓይ ወጥታ ሳለ፥ ከቀትር በኋላ ደመናው ከገደሉ ሥር እየተነሣ ይከማቻል፤ መብረቅ ይበርቃል፤ ነጎድጓድም ያጓራል። በዚህ ሰዓት ልጆቻችን ከበጎች ጋራ በሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ፀሓይ ምድርን ባሞቀች ጊዜ እርጥበት ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መጠንም እየቀዘቀዘ የውሃ ነጠብጣብና በረዶ ይኾናል። በደመናው ውስጥ ጥቃቅኑ በረዶ ከከባዱ ጋራ ሲጋጭ የኤሌክትሪክ ኀይል ይለያያል፤ አንዱ ዐይነት ከላይ፥ ሌላው ከታች ይሰበሰባል። አየሩ ሊከለክለው ከማይችልበት መጠን በደረሰ ጊዜም በድንገት ይፈሳል፤ መብረቅ የምንለው ይኸው ነው። ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1752 ዓ.ም. በአሜሪካዊው በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐሳብ መሠረት በፈረንሳይ አገር በተደረገ ፈተና ተረጋገጠ።

መብረቅ ያለፈበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ይኸውም ከፀሓይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያኽል ነው። አየሩ በቅጽበት ሲሰፋ የሚሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ይባላል። እንግዲህ ነጎድጓድ የመብረቅ ድምፅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ብርሃኑን ወዲያው እናየዋለን፤ ድምፁ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያኽል ይፈጅበታል።

ስለዚህ ልጆች ብልጭታውን ካዩ በኋላ ቀስ ብለው ይቍጠሩ፤ 30 ሳይደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅምና ፈጥነው ወደ ቤት ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይቈዩ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚገኘው እንደ ጓሳ ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ ግን ከኹሉ ከፍ ብሎ የሚታየው እረኛው ራሱ ነውና፥ ከጕብታው ወርዶ ይራቅ።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ፤ ነገር ግን ኀይሉ በሰውነቱ ውስጥ አይቀርምና ሳይፈሩ ፈጥነው ይርዱት።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅ ከዝናቡ በፊት በጎቹን በሜዳ ትቶ ቢመጣ አትቈጡት። ቍጣችሁን ፈርቶ በሜዳ እንዳይቀር ዛሬውኑ ንገሩት፤ የጠፋ በግ ይፈለጋል፥ ባይገኝም ይተካል፤ ልጅ ግን ምትክ የለውም።